ንጹሕ ተብሎ የተመረጠው መንደር

መንደራችን ለዓለም አቀፍ ጥናት የተመረጠው ምንም ስለሌለው ነው። ይህን ያልሁት እኔ አይደለሁም፤ የጥናቱ መሪ ነው፣ ያውም ደስ እያለው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ትሑት፣ ጫማው ጭቃ ያልለመደ ሰው ነበር፤ አጥኚው እንለው ነበር። በየአህጉሩ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ምን ያህል ሜርኩሪ ተሸክሞ እንደሚዞር እየለኩ ነው አለኝ። ወርቅ በሚታጠብበት፣ ፋብሪካ በሚጨስበት፣ ዓሣ በሚበላበት አገር ሁሉ ለክተዋል። የተበከለውን ሰው ለማወቅ ግን ያልተበከለ ሰው ያስፈልጋል፤ ማነጻጸሪያ። ካርታ ዘርግተው ፈለጉ። ወርቅ የለ፣ ፋብሪካ የለ፣ ባሕር የለ፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚያወጣው መንገድ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ እኛን አገኙን።

“ፍጹም ባዶ ቦታ ነው” አለኝ፣ ምርቃት የሚመርቅ መስሎት።

እኔ ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የመንደሩ ልጅ በመሆኔና እንግሊዝኛም ገብስም ስለማውቅ አገናኝ ተብዬ ተያዝሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር መመረጣችንን ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ፤ ምክንያቱን ስነግረው ፊቱ ከሰል መሰለ።

“እንዴት ምንም የላቸውም ይሉናል? ድንቹ ምን ሆነና ነው?” አለ።

ምክንያቱን ለማንም እንዳልተነፍስ አስጠንቅቆኝ ሕዝቡን ሰበሰበና “በንጽሕናችን ከዓለም ተመረጥን” ብሎ አወጀ። ሰዉ አጨበጨበ። አንድ የቤተ ክህነት ሽማግሌ የጾማችን ፍሬ መሆኑን መሰከሩ። ባነርም ተሰቀለ።

የመጀመሪያው ቀን በመጠይቅ አለቀ። መጠይቁን ያዘጋጁት ሰዎች የሰው ልጅ ሁሉ ከዓሣ መረብ ሥር የተወለደ ይመስላቸዋል። በሳምንት ስንት ጊዜ ዓሣ ይበላሉ? ትልቁን ነው ትንሹን? ከነጭንቅላቱ ነው? እኚያው ሽማግሌ ጥያቄውን በትዕግሥት አዳምጠው፣ “ዓሣ በዐቢይ ጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለመፍታት ከሆነ፣ እኔ አይበላም ባይ ነኝ፤ ጻፈው” አሉት። አጥኚው “በጭራሽ” የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገ።

ችግሩ የመጣው ጸጉር ሲባል ነው። ሜርኩሪ ጸጉር ውስጥ ይከማቻል፤ ከማጅራት በኩል ጥቂት ተቆርጦ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ሄዶ ይለካል። በሌላው አገር ይህ የመቀስ ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ ግን የተቆረጠ ጸጉር ሜዳ ላይ አይጣልም። ወፍ ወስዳ ጎጆዋን ከሠራችበት ባለቤቱን ራስ ምታት አይለቀውም፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባማ መተት ይሠራበታል። መተት ደግሞ በጸጉር ብቻ አይሠራም፤ የባለቤቱ ስምና የእናቱ ስም ያስፈልገዋል። አጥኚው እንዳይምታታበት ብሎ ከጸጉሩ ጋር ምን ቢጠይቅ ጥሩ ነው? ስምና የእናት ስም።

ሰዉ ሁሉ እጁን ማጅራቱ ላይ ጫነ።

“ዕድሜም እንመዘግባለን” አለ አጥኚው፣ ነገሩን ያለዘበ መስሎት።

ከእናቴ ጋር አጥር የምትጋራው ጎረቤታችን፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ምላሷ የሰላ ሴት ናት። “ኧረ ጠንቋዩስ ዕድሜ አይጠይቅ!” አለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ።

አጥኚው ስለ ባህል አክብሮት ሥልጠና ወስዷል። ሥልጠናው ሕዝብ ሲያመነታ አታስገድድ የሚል ሳይሆን አይቀርም፤ “እንግዲያው እያንዳንዱ ሰው እቤቱ ቆርጦ ነገ ጠዋት ያምጣ” ብሎ በተነን። እኔም በማግስቱ ክፍል ስለነበረኝ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስሁ።

የሆነውን ከአጥኚው በስልክ ሰማሁ። አንድም ሰው አልቀረ። ሕፃን ያዘለችው፣ ምርኩዝ የያዙት፣ ሁሉም የጣት ቁመት ያህል ጸጉር በወረቀት ጠቅልሎ፣ ስሙንና የእናቱን ስም በልበ ሙሉነት አስመዝግቦ ሄደ። “እንዲህ ያለ ተባባሪ ማኅበረሰብ በየትም አላየሁ” አለኝ። በተለይ የሽማግሌዎቹ ነገር አስገርሞታል። ጢማቸው ነጭ ሆኖ፣ ከጥምጥማቸው ሥር ቆርጠው ያመጡት ጸጉር ጥቁርና ወዛም ነው፤ ለመድኃኒት እንኳ ሽበት የለበትም።

“አየሩ ይሆን ገብሱ? ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል” አለ።

እኔም የአገሬ ነገር ነውና ኮራሁ። ገብሱ ነው አልሁት።

በዚያ ወራት ልቤ ግን ከአጥኚው ጋር አልነበረም። ታናሽ እህቴ ታማ ነበር። በጥር ተድራ ደብረ ማርቆስ፣ ከእኔ ብዙ ሳትርቅ፣ ትዳር ይዛለች። ለሠርጓ ስትል እስከ ወገቧ የሚወርድ ጸጉሯን ተቆርጣ የተገዛ ጸጉር ደፍታበታለች፤ አሁን ሙሽራ ሁሉ የሚያደርገውን። ጠይም የነበረች ልጅ በሠርጓ ሰሞን ቀይ ሆነች፤ “የሙሽራ ወዝ ነው” ተባለ። ከሠርጉ በኋላ ፊቷ ሞላ፤ “ትዳር ተስማማት” ተባለ። ዓይኗ ጠዋት ጠዋት ባበጠ ጊዜ “አማረባት” አሉ። እግሯ ጫማ አልገባ ሲላት ደግሞ እልል ሊሉ ደረሱ፤ አርግዛለች ብለው። ሐኪሙ ግን ኩላሊቷ ነው አለ። ኩላሊቷ ለምን እንደ ታመመ አልታወቀም። ክኒን በክኒን ላይ ተጨመረላት፤ እብጠቱ ክኒኑን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ትቆምና “እቴ፣ የምሞት ይመስለኛል” ትለኛለች። “ዝም በይ፣ ከንቱ!” ብዬ እቆጣታለሁ። ቤቴ ስገባ አለቅሳለሁ።

ክረምቱ አልፎ አጥኚው ተመለሰ። አሁን መኪናው ሁለት ሆኗል፤ ከዞን የመጣ ኃላፊም አለበት። እኔም እንደ ልማዴ ተጠርቼ ሄድሁ።

“ውጤቱ እጅግ አስደንጋጭ ነው” አለ ሕዝቡን። ፊቱ ግን የደነገጠ ሰው ፊት አልነበረም፤ ሎተሪ የደረሰው ሰው ፊት ነበር። ባዶ ነው የተባለው መንደር ወርቅ በሜርኩሪ የሚያጥቡ ሰዎች ካሉበት ቦታ እኩል ተሰልፏል። ይበልጥ የሚገርመው የሁሉም ሰው መጠን አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ የሕፃኑም፣ የሽማግሌውም።

“አንድ አካል ነው የምትመስሉት” አለ።

ሊቀ መንበሩ ለአንድነታችን የተሰጠ ምስጋና መስሎት አጨበጨበ፤ ሕዝቡም ተከተለው።

የአጥኚው መደምደሚያ ቀላል ነበር። ሁሉም እኩል የሚቀምሰው ምንድን ነው? የምንጩ ውኃ። ስለዚህ መርዙ ምንጩ ውስጥ ነው። የዞኑ ኃላፊም ብድግ ብሎ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ እንደሚቆፈር ቃል ገባ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ተመርዛችኋል ሲባል እልል የሚል ሕዝብ ብሎ መሳቅ ይቻላል፤ ጀሪካን አዝሎ ያንን ዳገት ያልወጣ ይሳቅ።

የቤተ ክህነቱ ሽማግሌ ደግሞ ሌላ ነገር ገባቸው። “ሜርኩሪ የምትሉት ባዜቃ አይደለም እንዴ? ወርቅ የሚታጠበው በባዜቃ ነው ካላችሁ፣ እኛ ዘንድ ባዜቃው ካለ ወርቁ ወዴት ሄደ?” አሉ።

አለቀ። መንደሩ ጠዋት ጠዋት መርዙን ያማርራል፣ ከሰዓት በኋላ ወርቁን ይቆፍራል። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያ አጀንዳው የአባላት አበል ነበር። ሊቀ መንበሩ የራሱን ማሳ ከዳር እስከ ዳር ገልብጦ ድንች አገኘ። ያም ሆኖ ጎረቤቶቹ አላመኑትም፤ ድንቹን የሚያሳየው ወርቁን ሊሸሽግ ነው አሉ።

በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል እናቴ ብቻ አልቆፈረችም። ከስብሰባው በሳምንቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ደረሰች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

“ያ ሰውዬ ጸጉሩ ውስጥ ነው መርዙን ያገኘው?”

“አዎ።”

“የሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ?”

“አዎ፣ እማ። ምነው?”

“ጸጉሩ የእህትሽ ነው” አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ለሠርጓ የተቆረጠችውን ጸጉር እናቴ ወፍ እንዳያገኘው በጨርቅ ቋጥራ ከጣራው ሥር ሸሽጋው ነበር። አጥኚው ጸጉር ባለ ዕለት ጎረቤት ሁሉ እሷ ደጅ ተሰብስቦ ሲጨነቅ፣ መላውን ያመጣችው እሷ ናት። ጸጉሩ የአንዷ፣ ስሙ የሌላው ከሆነ መተቱ ማንን ይያዝ? ስሙን ተከትሎ ቢሄድ ጸጉሩ አይገጥምለት፤ ጸጉሩን ተከትሎ ቢሄድ ስሙ አይገጥምለት፤ መሐል ላይ ግራ ተጋብቶ ይቀራል። ልጇም አትጎዳ፣ ጎረቤትም አይጎዳ፣ እንግዳውም ባዶ እጁን አይመለስ። ከሥሩ በኩል በጣት ልክ እየቆረጠች ለየደጁ አደለችው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርሁ ሴት ነኝ፤ በዚህ አሠራር ላይ ቀዳዳ ፈልጌ አላገኘሁበትም።

ሳቅሁ። ጠረጴዛውን ይዤ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። አጥኚው፣ ሁለቱ መኪና፣ ኮሚቴው፣ የሊቀ መንበሩ ድንች፣ ሁሉም መጣብኝ።

“እህትሽ ናት እኮ ነው የምልሽ” አለች እናቴ።

ጠረጴዛውን ለቅቄ ነጠላዬን አነሣሁ።

እህቴ ቤት ሄድን። ምን እንደምትበላና ምን እንደምትጠጣ ስጠይቃት ከእኛ የተለየ ነገር የላትም። እናቴ ግን ፊቷን ትኩር ብላ ስታይ ቆየችና፣ “ይህን ቅላት ከየት አመጣሽው? እኔ እንዲህ አድርጌ አልወለድሁሽም” አለቻት።

እህቴ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ብልቃጦች አወጣች። ፊት የሚያቀላ ክሬም ነው። የተጻፈበትን ቋንቋ ማናችንም አናውቀውም፤ ሥዕሉን ግን ፊደል ያልቆጠረም ያነበዋል፤ ሴቲቱ በግራ ጠቁራ ታዝናለች፣ በቀኝ ነጥታ ትስቃለች። ከታጨች ጀምሮ ጠዋትም ማታም ፊቷን፣ አንገቷን፣ እስከ ማጅራቷ ስትቀባው ኖራለች።

“ፎቶው ላይ ጠቁሬ እንዳልወጣ ብዬ ነው” አለች።

“ከሠርጉ በኋላስ?”

“በሽታው ፊቴን እንዳያጠቁረው ብዬ ጨመርሁ።”

አንዱን ብልቃጥ ግድግዳው ላይ ወረወርሁት። ማንን እንደተቆጣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሷን? ሻጩን? “ቀይ ሙሽራ” እያለ የሚዘፍነውን አገር ሁሉ?

ሐኪሙ ጉዳዩን ሲሰማ አልናቀንም። “ክሬሙን ከዛሬ ጀምራ ታቁም” አለ። “ነገር ግን እዚህ ሜርኩሪ የሚለካ መሣሪያ የለንም፤ የምሰጣት መድኃኒት ደግሞ ከባድ ነው፣ በግምት አልለውጠውም። ጸጉሩ የእሷ መሆኑን አጥኚው አምኖ ሽንቷን ካስለካልኝ ግን መንገዴን አውቃለሁ።”

ስለዚህ አጥኚው እውነቱን ከእናቴ አፍ መስማት ነበረበት። እውነቱ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ጉድጓዱን ይዞ ይጠፋል።

ወሬ እግር አለው፤ አጥኚው ሕዝቡን ዳግመኛ በጠራበት ዕለት መንደር ስንደርስ ሊቀ መንበሩ እናቴ ደጅ ቆሞ ጠበቀን።

“እትዬ፣ ዝም አይነቅዝም” አላት። “ልጅዎን እናሳክማለን፣ መዋጮ እናደርጋለን። ብቻ ጉድጓዱ ይቆፈር። ከዚያ ወዲያ የፈለጉትን ይናገሩ።”

“ጉድጓዱ መቼ ነው የሚቆፈረው?”

“በጀት ሲለቀቅ።”

“የልጄ ኩላሊት በጀት አይጠብቅም” አለች እናቴ።

ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ “ለአንድ ልጅሽ ብለሽ አገር ልታስጠሚ ነው?” አለቻት። ይህን የምትለው ሴት ወገቧ በጀሪካን የተቆረጠ ነው፤ ሐሰት አልተናገረችም። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

በስብሰባው ላይ አጥኚው ስለ ምንጩ ሲያብራራ እናቴ ተነሣች። በዕድሜዋ ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም።

“ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ምንጩ ምንም አላደረገም። ያ ሁሉ ጸጉር የአንዲት ልጄ ነው። ያደልሁት እኔ ነኝ። ልጄ እየሞተችብኝ ነው፤ እሷን ይለኩልኝ።”

ሰዉ ተንጫጫ። ጎረቤታችን ብድግ ብላ “ሐሰት ነው! እኔ ያስገባሁት የራሴን ነው፤ ይህ ጸጉር ይርገፍ!” ብላ ማለች።

አጥኚው በትሕትና፣ “እትዬ፣ ሻሽዎን ገለጥ ያደርጉልኛል?” አላት።

ገለጠችው። እንደ ባዘቶ ነጭ ነው።

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ፤ መጨረሻ ላይ እሷም ሳቀች። አጥኚው ብቻ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። “ታዲያ ያ ሁሉ ውጤት...” አለኝ።

“የአንዲት ሴት ነው” አልሁት።

ክፉ ሰው አልነበረም። የእህቴን ሽንትና የተረፈውን ክሬም ወስዶ አስለካ፤ የተፈራው ተገኘ፤ ለሐኪሙም ራሱ ደውሎ ነገረው። መንደራችን ግን ከጥናቱ ተሰረዘ።

“እህቴስ? እሷ የት ትገባለች?” ብዬ ጠየቅሁት።

“እሷ አንድ ሰው ናት። አንድ ሰው ሕዝብን አይወክልም” አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ።

እንግዲህ እንዲህ ነው። መንደር ሙሉ ሰው በሐሰት ሲመረዝ ሁለት መኪናና አንድ ኃላፊ ይመጣል። አንዲት ሴት በእውነት ስትመረዝ “አዝናለሁ” ይመጣል። የዞኑ ኃላፊም ምንጫችን ንጹሕ መሆኑን በፈገግታ አብሥሮን ሄደ፤ ንጹሕ ምንጭ ላለው ሕዝብ ደግሞ ጉድጓድ አይቆፈርም። ክሬሙ የተገዛበት ሱቅ ሄጄ ጮህሁ። ባለሱቁ ጨዋ ነው፣ እስክጨርስ ታገሠኝ። “ያኛውን እኮ ትተነዋል፤ አሁን የገባው ይሻላል” ብሎ ሌላ ብልቃጥ አሳየኝ። በዚህኛው ላይ ሴቲቱ ይበልጥ ትስቃለች።

እህቴ ቀስ በቀስ ዳነች። እብጠቱ ወረደ፣ ጫማዋ ገባላት፣ ያ የማውቀው ጠይም ፊቷ ተመለሰ። ሰው ግን መንገድ ላይ እያስቆመ “ምነው ከሳሽ? ምነው ጠቆርሽ? ባልሽ ምን አደረገሽ?” ይላታል። ስትሞት አማረባት ያላት ሁሉ፣ ስትድን አዘነላት። እሷ ትስቃለች፤ እኔ ነኝ የምናደደው።

እናቴን ግን መንደሩ አልማራትም። ምንጭ ስትወርድ ሰላምታው ያጥራል። ማኅበር ላይ ጠላ ይቀዱላታል፣ ወሬ አይቀዱላትም። ጎረቤታችን ደግሞ እሳት የሚበዳደሩበትን የአጥር ቀዳዳ በእሾህ ደፈነችው። እናቴ በዚህ ሁሉ አንድ ቃል አማርራ አታውቅም፤ በእሾሁ ብቻ አልቅሳለች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ልጠይቃት ሄጄ ደጁ ላይ ተቀምጠናል። ጎረቤታችን በበሩ በኩል ገባች። ከኋላዋ ደብረ ማርቆስ ካፌ የምትሠራው የመጨረሻ ልጇ ትከተላታለች። ልጅቷን ካየኋት ቆይቻለሁ፤ ቀልታለች፣ ፊቷ ሞላ ብሏል፣ ነጠላ ጫማ አድርጋለች።

ጎረቤታችን እንደምን አደራችሁ አላለችም። ልጇን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችና፣ መሬት መሬት እያየች፣ “እስኪ እያት” አለች እናቴን።

“ደኅና ነኝ እኮ” አለች ልጅቷ። “ካፌ ውስጥ ስለምበላ ነው።”

እናቴ ጉልበቷን ይዛ ተንበረከከች። ሐኪሙ እህቴን ሲመረምር አጠገቧ ቆማ ያየችው ነገር አለ። የልጅቷን ቀሚስ ከፍ አድርጋ አውራ ጣቷን ቅልጥሟ ላይ ጫነች፤ ጥቂት ቆየችና አነሣች። ጣቷ የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። እስኪሞላ ሁላችንም ጠበቅን። አልሞላም።

ጎረቤታችን አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እናቴ ከተንበረከከችበት ተነሣች። “በሉ ተነሱ” አለች፣ “ሚኒባሱ ሳይሄድ።”